የወይዘሮ ሸዋረግ ሁለተኛ ስም

ወይዘሮ ሸዋረግ በመሐል ሜዳ ገበያ ባና የተባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ እየሸጡ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዛሬ በሰው አገር ባንክ ተቀምጠው ያልባቸዋል። በስማቸው ሒሳብ ካልተከፈተ ቪዛቸው አይራዘምም፤ ልጃቸው ትሕትናም እናት አጠገቧ ሳትኖር ልትወልድ ነው።

«ሌላ ስም አለዎት?» አለች የባንኳ ሠራተኛ። ትሕትና ተረጎመች።

«አለኝ፤ የክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ ነው።»

የሠራተኛዋ ፊት ጠቆረ። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ የለማ! ኧረ ምን ጉድ ነው? ሌባው በአምስት ስም ሲነግድ ማን ጠየቀው? እውነት የተናገረች እናት ግን ትጠረጠራለች!

«እማዬ፣ የለኝም በይ፤ በማርያም!»

«በማርያም ብለሽ ክርስትናዬን ልታስክጂኝ? አፍሽን ያዢ!» አሉ። ግን የልጃቸውን የገፋ ሆድ ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በዚያ ስም ማን ይጠራዎታል?» አለች ሴትዮዋ።

«ሰውማ አይጠራኝም። ቄሱ ናቸው፤ ስቆርብ፣ ኋላም ስሞት ለፍትሐት።»

ትሕትና ተረጎመች። ሴትዮዋ ፓስፖርቱን መልሳ አየችው።

«እንግዲያው ባንኩን አይመለከተውም» ብላ ሒሳቡን ከፈተች።

ወይዘሮ ሸዋረግ ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ።

«በይ ቶሎ እንውጣ፤ ሐሳቧን ሳትለውጥ።»