ከየት እንደሚደማ

አስካለች ከሸኮ ወደ ቴፒ የመጣችው ለአንድ የቡና ለቀማ ብቻ ነበር። እዚያው አገባች፤ ባሏን ወባ ገደለው፤ ወለላ የምትባል ልጅ ቀረችላት። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ነው። ቅርጫቷን ወገቧ ላይ አስራ ቅርንጫፉን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ቀዩን ትለቅማለች፣ አረንጓዴውን ትተዋለች።

ወለላ ስምንት ዓመቷ ነበር። እንደ አገሩ ልጆች ሁሉ ከእናቷ ኋላ ኋላ እየሄደች ቀይ እሸት ቡና ትመጠምጣለች፣ ፍሬውን ትተፋለች። በ2005 ጥቅምት ላይ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ማንም አልደነገጠም።

"እሸት አብዝታ ነው" አለች ጎረቤቷ ተሾመች። "የኔዎቹንም እንዲህ ያደርጋቸዋል።"

አስካለች አርጩሜ ቆረጠች።

"እማ፣ ዛሬ አንድም አልቀመስኩም! በእግዜር!"

"አፍሽ ቢዋሽ ሆድሽ ይናገራል።"

ለቀማው አለቀ። ዛፎቹ ላይ አንድ ቀይ ፍሬ እንኳ ጠፍቶ የወለላ ሰገራ እንደጠቆረ ነው። ከንፈሯ ነጣ፤ ምንጭ ደርሳ ለመመለስ መንገድ ላይ እየተቀመጠች ታርፍ ጀመር። ያን ጊዜ አስካለች አዝላ ሚዛን ተፈሪ ሆስፒታል ወሰደቻት።

ሐኪሙ የልጅቷን የዓይን ቆብ ገልብጦ አየ። ደም ተሰጣት፤ ትንሽ ቀና አለች፤ መልሳ ነጣች።

"እሸቱ ነው አይደል፣ ዶክተር?"

"ቡናው አይደለም፣ እናቴ። ውስጧ እየደማ ነው። ከየት እንደሚደማ ግን ከውጭ ሆኜ ማወቅ አልችልም።"

ኢንዶስኮፒ የሚባል፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጉሮሮና ጨጓራን እንደሚያሳይ፣ ለልጅ የሚሆነው ግን አዲስ አበባ እንደሚገኝ ነገራት።

"የሚደማበት ከታየ ምናልባት ማስቆም ይቻላል። ቶሎ ሂዱ።"

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወለላ የእናቷን ነጠላ ለብሳ ተደገፈቻት።

"ካሜራው ሆዴን ፎቶ ያነሳዋል?"

"አዎ።"

"እሸት ካላገኘ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ?"

"እጠይቅሻለሁ።"

"ተሾመች ፊት?"

"ተሾመች ፊት።"

ልጅቷ ሳቀች። የጎጀብን ቁልቁለት ሲወርዱ ደም አስታወከች። ሹፌሩ በተቻለው ፍጥነት ነዳ፤ ጅማ ሳይደርሱ እናቷ ጭን ላይ አለፈች።

አስካለች ዛሬም ትለቅማለች። ልጅ እጅ ላይ እሸት ካየች ነጥቃ ትረግጠዋለች፤ ልጆቹም "መጣች! መጣች!" እያሉ ይሸሿታል። አንድ ቀን ተሾመች አላስችል አላት።

"አስኩ፣ ሐኪሙ ቡናው አይደለም ብሎሽ የለ? ምናለ ልጆቹን ብትተያቸው?"

"ቡናው ካልሆነ ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"በከንቱ የገረፍኳት ከሆነ የይቅርታዋ ዕዳ አለብኝ። እሸቱ ከሆነም ልወቀው። ውስጧን ያየ አለ?"

ተሾመች ቅርጫቷን አንስታ ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደች።