ለፀሐይ የተተወች ቦታ

አጎቴ ዲላ ከተማ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ጪጩ መንደር ወዳለው የቤተሰብ ጓሯችን ተመለሱ። እኛ አገር ክፍት መሬት አይተውም፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል፣ መሃል መሃሉን እንሰት ይይዘዋል። እሳቸው ግን ከቤቱ ጀርባ አንዲት ቦታ ጥላ የሚጥል ነገር እንዳይተከልባት ከልክለው ሱፍ ይዘሩባት ነበር። አበባው ሲፈካ ወንበራቸውን አጠገቡ አውጥተው ይጠሩኛል።

"ይሄ ሄሊዮፋይት ነው፤ ቃሉ የግሪክ ነው። ሄሊዮስ?"

"ፀሐይ።"

"ፋይቶን?"

"ተክል።"

"ፀሐይ ወዳድ ተክል። እኔም የነሱ ወገን ነኝ" ይሉና እግራቸውን ወደ ሙቀቱ ይዘረጋሉ። ጎልምሼ፣ ልጆች ወልጄም መጠየቃቸውን አልተዉም፤ አንዳንዴ ሰልችቶኝ ሳልዞር እመልስላቸው ነበር።

ካረፉ ወዲህ ሱፍ የዘራ የለም። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው፣ "ቦታዋ ለምን ጦም ታድራለች? እንሰት ትከልባት እንጂ ልጄ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ችግኝና ዶማ ይዤ ሄድኩ። ወንበሩ እዚያው ነው፤ ፀሐይ ሞልቶበታል። መቆፈር አቃተኝና አጠገቡ ቆምኩ።

"ፀሐይ" አልኩ። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።