ሲሞቅ የሚከፍት ድንጋይ

በ1979 ዓ.ም. ከሚሴ ውስጥ ፍሪጅ ጥገና ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ያስተማሩኝ ሼህ ሁሴን ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። የመጀመሪያ ቀን አንድ የለስላሳ ነጋዴ ዘንድ ወሰዱኝ። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ፍሪጁ አልነሳ ብሎታል። ሰውዬው ሶኬቱን ይነቅላል፣ ይሰካል። ሞተሩ እህ ይልና ይተወዋል።

"እጅህን ሰብስብ" አሉት ሼህ ሁሴን። "ሻይ አስመጣልን።"

"ሼህ፣ እኔ የጠራሁዎ ሻይ ሊጠጡ ነው?"

"አዎ።"

ሻዩን ጨርሰን ስንሰካው ተነሳ። ሱቅ ስንመለስ ከአሮጌ ሞተር ጎን ሳንቲም የምታክል ጥቁር ድንጋይ ፈልቅቀው አሳዩኝ። ሞተሩን የምታስነሳ እሷ ናት። ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች፣ ስትሞቅ ትዘጋለች። እስክትቀዘቅዝ ካልጠበቋት ሞተሩ አይነሳም።

በዚያች ድንጋይ እንጀራዬን በላሁ። በገበያ ቀን ባቲ እወርድ ነበር። ከአፋር በኩል የመጡት ግመላቸውን አስረው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ፣ የጠገንኩት ፍሪጅ ከኋላቸው ሲያጉረመርም እሰማለሁ። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። አሁን ጉልበቴ ባቲ አያደርሰኝም።

ልጄ ዘይነብ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ጨርሳ መጣች። ከጎኔ እንድትሠራ ብዬ አዲስ ወንበር አሠርቼ ሱቄ አስገባሁ። እሷ አዲስ አበባ ሄጄ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር አለች።

"ምን ልትማሪ?"

"ኒኬልና ኦክስጅን ያለበት ድንጋይ ነው አባ። ሲበርድ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሲሞቅ እንደ ብረት ያሳልፋል።"

"እንዲህ ያለ የለም። የሞቀ ይዘጋል።"

"የሚዘጋው ያንቱ ድንጋይ ነው። በኔው ድንጋይ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ሲበርድ እንደ ሰንበቴ ገበያ ከብት በየካስማቸው ታስረው ይቀራሉ። ሙቀቱ ልኩን ሲያልፍ ይፈታሉ።"

"ማን ፈታቸው?"

"እሱን ነው የምማረው።"

"እንግዲያው ድንጋይሽ ሲሞቅ ከከፈተ ትሄጃለሽ። ካልከፈተ ወንበርሽ ይኸውና" አልኳት። ወላሂ ብዬ ማልኩ።

መምህሯ ለሙከራ የሰጣትን የድንጋይ ስባሪ ከቦርሳዋ አወጣች። ከጥፍር አይበልጥም፤ የኒኬሉ ነገር ከላዩ በስሱ ተለብጧል። የልብስ ካውያ ገልብጬ ሰካሁ። ስባሪውን እላዩ አስቀምጣ ኤሌክትሪክ ማለፉን የምለካበትን የቴስተሬን ሁለት ጫፍ አስነካችው። መርፌው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ያን ቀን የከሚሴ መብራት ደካማ ነበር።

ዘይነብ ፊቷ ጠቆረ። "አልሆነም አባ፤ መሐላዎ ይድረስ" ብላ እጇን ልታነሳ ስትል አየኋት። ዝም ብል ረትቼ ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጅሽን አታንሺ። ካውያው ገና አልጋለም" አልኳት። ሻይ አስመጣሁ። ሁለት እጇ ተይዟልና ብርጭቆውን ይዤ አጠጣኋት።

ብርጭቆው ሳይጋመስ መርፌው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ድንጋዩ ከፈተ። ካውያውን ነቀልኩ፤ ቆይቶ ተመለሰ። ሰካሁ፤ ደግሞ ሄደ።

"ማን ፈታቸው?" አልኩ።

"አላውቅም አባ።"

"እንግዲያው ሂጂ።"

ከሥራዬ የተማርኩት ይኸው ነው። ዕቃ ሞተ ከማለት በፊት የሚበቃውን ጊዜ መስጠት ነው።

በማግስቱ ጧት ሻንጣዋን መናኸሪያ አድርሼ ተመለስኩ። አዲሱን ወንበር ወደ ሱቁ በር አወጣሁት። ደንበኛ ተቀምጦ ይጠብቅበታል።