መርዶዬን የሸሸሁባቸው እሁዶች

ቤሩት በገባሁ ሰሞን አሳንሰር ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሰላምታ እሰጥ ነበር። እኛ ዘንድ ከሰው ጋር እንደዚያ ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ዝም ማለት የተኳረፉ ሰዎች ሥራ ነው። ስለዚህ በዚያች ባልጠናች አረብኛዬ «እንዴት አደራችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ቤቱስ?» እላለሁ። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ጫማውን። ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ አንዲት ጎረቤት አንድ ጠዋት ዞር ብላ «ታውቂኛለሽ እንዴ?» አለችኝ። አላውቃትም ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔም ጫማዬን ማየት ለመድኩ።

ሰው አገር መልመድ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ በትንሽ በትንሹ ዝም በማለት።

ማዳሜ ክፉ አልነበረችም። ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የአረብ አገር ወሬ ሲነሳ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ክፉ ማዳም ሊሰማ ነዋ። የኔዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ሌላ አገር የሚኖሩ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ነበረች። ሥራውን ያስተማረችኝ በጣቷ እያሳየች ነው። የሰፈሩ መብራት ብዙውን ጊዜ ከጄኔሬተር ስለሚመጣ ልብስ ማጠቢያው እየዞረ ካውያ አይሰካም፤ ካውያ ከተሰካ የውሃ ማሞቂያው መጥፋት አለበት፤ ከረሳሁ ቤቱ ድርግም ይልና ማዳሜ ከሳሎን «ያላ!» ትላለች። ዳቦ ሲያስፈልግ ደግሞ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቅርጫት በገመድ አወርዳለሁ፣ ባለሱቁ ከታች ይሞላልኛል፣ እስባለሁ። መጀመሪያ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ እንጂ ዳቦ ሲቀዳ አይቼ አላውቅም።

የምተኛው ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቷ የምታየው ሌላ ግድግዳ ነው። ጉና ሥር ተወልጄ፣ ብርድ አጥንቴ ድረስ እየገባ አድጌ፣ አንድ ቀን ብርድ ይናፍቅሻል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እዚያ ግን አንሶላው ገላዬ ላይ ሲጣበቅ ያ የጠዋት ውርጭ፣ ገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚተኛው፣ ውል ይለኛል። ለማን ልንገረው? ቀኑን ሙሉ የምናገረው «እሺ»ን፣ «አለቀ»ንና «ዳቦ የለም»ን ነው። እኔ ደግሞ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ፤ የኔን ወሬ ሲሰሙ ወጥ ያሳረሩ ጎረቤቶች ነበሩን። አሁን እንኳ ደብረ ታቦር ተመልሼ ይህን ስጽፍ ጎረቤቴ በአጥር ላይ ሁለቴ ተጣርታለች። እዚያ ግን የሚጠራኝ ስላጣሁ ለቅርጫቱ ማውራት ጀመርኩ። «ውረጂ እስቲ፤ ባለሱቁን እንዴት ዋሉ በይልኝ» እያልኩ።

የኔ ሳምንት የሚጀምረው እሁድ ነበር። እማ የምትኖርበት ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ ብላ ደብረ ታቦር ትወርድና ታናሽ ወንድሜ ቤት ታድራለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። እማ ስልክ ስታወራ ከተራራ ማዶ ላለ ሰው እንደምትጣራ ነው። ማዳሜ ከሳሎን ሆና ሰምታ «እናትሽ ስልኩ ለምን አስፈለጋት?» ትለኛለች።

«እዚያ አገር ድንች አለ?» ትለኛለች እማ።

«አለ እማ።»

«ማን ነው የሚተክለው?»

«እኔ እንጃ። ከሱቅ ነው የምንገዛው።»

«ሱቁስ ከየት ያመጣዋል? ጠይቂና ንገሪኝ። አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነም ጠይቂ።»

ባለሱቁን እጠይቃለሁ፤ ይስቅብኛል። ለሚቀጥለው እሁድ ግን መልስ ይዤ እቀርባለሁ፤ የጎደለውን ከራሴ ጨምሬ።

ከስልኩ በኋላ ማዳሜ ትለቀኛለች። ያገሬ ሴቶች ተሰባስበው ወደተከራዩት ክፍል እሄዳለሁ። የቤቱ ትልቅ ከሐሙሲት የመጡ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ሌሎቹ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ድምፄን ይሰሙና «ድንቾ መጣች! ብርዱን በር ላይ አራግፊው!» ይላሉ። የጉና ሰው ከድንች ሌላ አያውቅም ማለታቸው ነው።

«የጉና ድንች ባይኖር የሐሙሲት ሰው ምን ይበላ ነበር?» እላለሁ።

«እኛማ እንጀራችንን ነዋ! እናንተን ለማስተዛዘን ነው የምንገዛው» ይላሉ እትዬ።

ሳቅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያልተናገርኩትን እዚያ ዘርግፌ እመለሳለሁ።

ከዚያ አንድ ክረምት አገር ቤት መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። እሁድ በመጣ ቁጥር እደውላለሁ፤ የምትመልስልኝ ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴት ናት። ድምፅዋን እንደ ዘመድ ድምፅ ለመድኩት። ማዳሜ ቴሌቪዥን ላይ አገሬን ትፈልግልኛለች፤ አታገኘውም።

ስልኩ የተከፈተ ዕለት ወንድሜ ገና ሃሎ ከማለቴ «እታለም! ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ጸበል ሄዳ ነው» አለኝ።

ስለ እማ ገና አልጠየቅኩትም ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሆን ብዬ ጮክ ብዬ አወራሁ። ድንቾ ያለኝ የለም። ሁሉም ተነሥተው ሳሙኝ። ስንበላ ሥጋ ሥጋውን ወደኔ ይገፉታል። የሐሙሲትን ሰው ብሰድብም፣ የሐሙሲትን ገበያ ባጣጥልም የሚመልስልኝ ጠፋ። ልወጣ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ።

«ማዳምሽን አስፈቅጅና መጪው ቅዳሜ መጥተሽ እደሪ። እሁድ ጠዋት ዝክር አለብን።»

«የምን ዝክር?»

«ዝክር ነዋ! አንች ዝክር አታውቂም?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

አወቅሁ። እኛ አገር ለራቀ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ካደረበት ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ነው የሚነግረው። እኔ የማድረው ማዳሜ ቤት ነው፤ በዚያ ሰዓት አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ ደጄ ላይ የሚቀመጥ የለም። እነሱ ዘንድ እንዳድር የፈለጉት ለዚህ ነበር። ወንድሜ በዘመድ በኩል እትዬን አስፈልጎ «አደራ፣ ሰው ሰብስባችሁ ንገሩልኝ» ብሏቸው እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

ልጅ ሳለሁ እማ መርዶ ልትነግር ከሌሎች ጋር ስትሄድ ተከትያት አውቃለሁ። ልጇ ቆላ ወርዶ የሞተባት ጎረቤታችን ነበረች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጥሯ ሥር ተቀምጠው ንጋት ጠበቁ፤ እንዳላስነጥስ እማ አፍንጫዬን ይዛኛለች። ሴትየዋ ከብቶቹን ልትለቅ በሩን ከፈተች፣ በተርታ ተቀምጠን አየችን፣ ተመልሳ ገባችና ዘጋችው። አንድ ሽማግሌ ሊያንኳኩ ተነሡ። እማ «ይተዉዋት፤ ትንሽ ትቆይ» አለቻቸው።

እኔም ዘጋሁት። ለእትዬ ደውዬ «ማዳም አልፈቀደችልኝም» አልኳቸው። የዚያን እሁድ ቀረሁ፣ የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትንም። ካልነገሩኝ እማ ጸበል ላይ ናት። በዚያ ከተማ የኔ የምላቸው ሰዎች እነዚያ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ የምሸሸውም እነሱኑ ሆነ። ስልካቸው ሲጠራ ድምፁን አጠፋዋለሁ። የተተኮሰ ልብስ መልሼ እተኩሳለሁ። ከበረንዳው ቁልቁል ሳይ ከቤተክርስቲያን የሚመለሱ ያገሬን ልጆች በነጠላቸው አውቃቸዋለሁ፤ ድሮ ቢሆን ከላይ ሆኜ እጣራ ነበር፤ አሁን ወደ ኋላ እላለሁ።

«ከጓደኞችሽ ተጣላሽ?» አለችኝ ማዳሜ።

«አልተጣላሁም።»

«ታዲያ ውጪ። እሁድ ነው።»

አልወጣሁም። ከጎኗ አስቀምጣኝ ተከታታይ ፊልሟን ታሳየኛለች። ልጆቿ በቪዲዮ ሲደውሉላት «ጉልበቴ ተሽሎኛል» ትላቸዋለች። አልተሻላትም፤ የማሸው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ስልኩን ስትዘጋ ሁለታችንም ቴሌቪዥኑን እናያለን።

ለወንድሜ መደወሌን ግን አልተውኩም።

«እማስ?»

«ደህና ናት። ድንች ልታወጣ ሄዳ ነው።»

የድንች ማውጫ ጊዜ አልነበረም። ሁለታችንም የጉና ልጆች ነን፣ እናውቃለን።

«አትድከም በላት።»

«እሺ፣ እላታለሁ።»

«ሳምልኝ።»

«እሺ» ይላል፤ ድምፁ ይቀጥናል። ከዚያ ኔትወርኩን አማርሮ ቶሎ ይዘጋል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰሃን እያጠብኩ ማዳሜ ወጥ ቤት ገባች። እትዬ የኔ ነገር ቢቸግራቸው ለሷ ደውለው ኖሯል። እናቷ ሞታለችና ልንነግራት ነው፣ አንድ ሌሊት ልቀቂልን ብለዋት ኖሯል። እንድትለቀኝ እንጂ እንድትነግረኝ አልጠየቋትም። ማዳሜ ግን ይህን ከየት ታውቀዋለች? እነሱ አገር ሰው ሲሞት ያው በዕለቱ ይነገራል፣ ይቀበራል። ቧንቧውን ዘጋችና እጄን በፎጣ ያዘችው።

«እናትሽ ሞታለች። ቆይቷል አሉ። አላህ ይርሐማት።»

በአረብኛ ነው የሰማሁት። የነሱ «ሞተች» ደግሞ ከኛው ጋር ስለሚቀራረብ አልገባኝም ማለት እንኳ አልቻልኩም።

ስኳር በውሃ በጥብጣ ሰጠችኝ። «አልቅሺ፣ ግድ የለም» አለችኝ። እንዴት ብዬ? እኛ አገር ለቅሶውን የሚያነሣልሽ ሰው አለ። እሱ የሟቿን ስም ይጠራል፣ አንቺ ትከተያለሽ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ከየት ልጀምረው? ጨርቁን አነሣሁና ሰሃኖቹን አደረቅሁ። ማዳሜ ትንሽ አየችኝና ጉልበቷን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ማንም ሳይጠራኝ ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። እትዬ በሩን ከፈቱ።

«ማዳምሽ ምን አለችሽ?»

«ምን ትለኛለች? ዝክር አለ አላላችሁኝም?»

ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «አለ እንጅ። ግቢ ልጄ» አሉ።

ማምሻውን ስለየማዳሞቻቸው እየተቀባበሉ አወሩልኝ፤ ሳቅሁላቸው። እነሱ እንዳላውቅ ይጠነቀቃሉ፤ እኔ ማወቄን እንዳያውቁ እጠነቀቃለሁ። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፍራሼን ከብበው ተቀምጠዋል። ዐይኔን እንደጨፈንኩ ትንሽ ቆየሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ከዚያ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አሉ እትዬ፣ «እናትሽ አርፈዋል።»

ገና ያን ጊዜ የሰማሁት ያህል ሆንኩ። እትዬ እማን በስሟ ጠርተው፣ ጉናን፣ ገብሱን፣ ድንቹን እየጠሩ አነሡልኝ፤ ተከተልኳቸው።

ከታች የሚኖረው ሰውዬ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ጀመረ። አልቆም ስንል ራሱ እየተሳደበ ወጣ። እትዬ በሩን ከፍተው በአረብኛ ነገሩት። ወረደ። ሲመለስ የፕላስቲክ ወንበሮች ተሸክሟል፤ እነሱ ለቅሶ የሚቀመጡት ወንበር ላይ ነው። ግድግዳውን አስደግፎ ደረደረልንና ሄደ። እኛ መሬት ነበርን። ወንበሮቹ ባዷቸውን ዋሉ። አገር ቤት ቢሆን ማን ማን ይመጣ እንደነበር እያሰብኩ አያቸው ነበር፤ ከየመንደሩ የሚመጣውን፣ በበቅሎ የሚደርሰውን፣ ከደብረ ታቦር ተሳፍሮ የሚወጣውን።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«እታለም!» አለ እንዳነሣው፣ «እማ እኮ ወፍጮ ቤት ወርዳ…»

«ወንድምዬ፣ ነግረውኛል።»

ከዚያ ልቅሶው መጣ። ልጅ ሆኖ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አልሰማሁትም። «ምን ልበልሽ… ምን ልበልሽ ነበር…» ይላል። ኔትወርኩን አላማረረም። እስኪወጣለት ጠበቅሁት።

«አሁን ንገረኝ» አልኩት። «ከታመመችበት ቀን ጀምር። ማን ማን አጠገቧ ነበር፣ ምን አለች፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ አንድም ሳታስቀር።»

«ረጅም ነው እኮ እታለም።»

«ይርዘም።»

አፍንጫውን ሲጠራርግ ሰማሁት። «እሺ» አለ። «ገብስ እየፈተገች ነበር። ደከመኝ ብላ አታውቅ፣ ያን ቀን ግን ዘነዘናውን አስደገፈችና…»