የቅዳሜ አካሄድ

የቡድናችን የአካል ብቃትና የሕክምና ኃላፊ ለምን ጥሎን እንደሄደ ሳዑዲ፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ የየራሱ ወሬ አለው። ነገሩ የተነሳው ከእኔ ጉልበት ስለሆነ እኔም የማውቀውን ልናገር።

ቡድን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ገላጣ መሬት ላይ ዓርብ ዓርብ ከአስር ሶላት በኋላ የምንገናኝ ሠራተኞች ነን። የግቡን ብረት የበየደው ከመካከላችን ብየዳ ቤት የሚሠራው ተከላካይ ነው። አንደኛውን ከሌላው አጥብቦ ስለሠራው፣ ከእረፍት በኋላ ቦታ እንደምንቀያየር እያወቅን እንኳ ማን በየትኛው ይጀምር እያልን ስንጨቃጨቅ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። አምበላችን የውኃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ በረኛው ዳቦ ቤት ይሠራል፤ እኔ የማንጎ እርሻ፣ እዚህ መዝረዓ የሚሉት፣ ውስጥ ነኝ። ግማሹ ከጁሙዓ መልስ ምሳውን በልቶ ይመጣል፣ ግማሹ የዓርብን ጾም ይዞ። የምንገጥመው የመኖችን፣ ሱዳኖችንና ባንግላዴሾችን ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው አይመጣም፤ ፖሊስ በዚያ መንገድ ስለሚያልፍ እኛም አንጠራውም።

ኃላፊው ደሴ አካባቢ የስፖርት መምህር የነበረ፣ ከአብዛኞቻችን በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው። እዚህ የወንዶች ስፖርት ቤት ውስጥ መሣሪያ ይወለውላል፤ ከጊዜ በኋላ ግን አሠልጣኞቹ ሲቀሩ ሰውም ያሠራ ነበር። ማዕረጉን ያወጣው ራሱ ነው። እኛ ወጌሻ ስንለው ይቆጣል። "ወጌሻ ያሻል፤ እኔ እመራለሁ" ይላል። የሚመራው አንድ ቦርሳና አንድ የበረዶ ማቀዝቀዣ ነበር። በዚያ ላይ ዓርብ ስለሚጾም ትዕግሥት የለውም። ከጨዋታ በፊት በዚያ ሙቀት ሜዳውን ያዞረንና "የበላችሁትን የከብሳ ሩዝ ላውርድላችሁ ብዬ ነው" ይለናል፤ አለመብላቱን እየተበቀለን ይሁን አይሁን አላውቅም።

ትልቁ ሥራው ግን ከጨዋታ በኋላ ነበር። የተጎዳን ሰው ለሚቀጥለው ዓርብ ማድረስ ሳይሆን ለነገ ጠዋት ማድረስ። ቅዳሜ ሁላችንም ሥራ አለን፣ ከፊላችንም ያየናል። ከፊል እዚህ አሠሪም ነው፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያሳድስም እሱ ነው፣ ኹሩጅ የሚመታም፣ ማለትም ጨርሶ ወደ አገር የሚሸኝም እሱ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ተከላካያችን ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ሥራ ቦታው እያነከሰ ገባ፤ ወሩ ሳያልቅ ኹሩጅ መቱለት። በእግሩ ይሁን የሚሠራበት ሱቅ ሊዘጋ ስለነበር ይሁን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። እኛ ግን በእግሩ ነው አልን፤ ከዚያ ወዲያ ማንከስ ከኮንትሮባንድ እኩል የሚደበቅ ነገር ሆነ።

ኃላፊው ለዚህ ዘዴ ነበረው። የቅዳሜ አካሄድ እንለዋለን። ጉልበትን ወይም ቁርጭምጭሚትን ከሱሪ ሥር አጥብቆ ያስራል። ከዚያ "ሰው የሚያነክሰው አንዱን እግር ሲያሳጥር ነው፤ ሁለቱንም አሳጥር፣ ማንም አያውቅብህም" ይላል። በሚያምህ በኩል ባልዲ ያዝ፤ ሰው ቢያይህም ባልዲው ከብዶት ነው ይላል። ከፊልህ ሳይመጣ ቀድመህ ቦታህ ላይ ቁም። ሲጠራህ "መጣሁ" በልና እጅህ ላይ ያለውን ሥራ ጨርሰህ ሂድ፤ ቀስ ማለትህ ትጋት ይመስላል። ይህን ሁሉ ከግቡ ጀርባ ያለማምደናል። የተጎዳው በፊታችን ይራመዳል፣ እኛ ተደርድረን እንፈትናለን። "አነከሰ" ካልን ይመለሳል። በረኛው አንድ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ተፈትኖ ወድቋል፤ አካሄዱ ከተፈጥሮው እንደዚያ ነው።

እኔ ቀኝ ክንፍ ነበርኩ። ከሱዳኖቹ ጋር ስንጫወት ኳስ ይዤ ለመታጠፍ ስል እግሬ መሬቱ ላይ ቀረና ሰውነቴ ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ኃላፊው መጥቶ እግሬን አጥፎ ቅልጥሜን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው፤ ቅልጥሜ ተከትሎት ሄደ። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

"ይሄ የፋሻ ነገር አይደለም" አለኝ። "ውስጡ ተበጥሷል። ሙስተሽፋ ሄደህ ለሐኪም አሳይ፤ ፎቶ ተነሳ።"

"ጋሼ፣ አንተ ለቅዳሜ አድርሰኝ" አልኩት።

"ለከፊልህ ንገረው።"

"ምን ብዬ? ኳስ ስጫወት ተሰበርኩልህ ልበለው?"

አገር ቤት ሚስቴና ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ መዝረዓ ነው። ሌላ እህል ውኃ የለኝም። ይህን ያውቃል። ቦርሳውን ከፍቶ አሰረኝና አካሄዱን አስተማረኝ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ሆንኩ፤ ሳላጋንን፣ ከእኔ በፊትም በኋላም እንደ እኔ ቀጥ ብሎ የሄደ አንካሳ የለም።

እንዲህ ሆኜ ከወር በላይ ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት ባልዲዬን ይዤ በማንጎዎቹ መካከል እንደ ሽማግሌ በዝግታ እሄዳለሁ። ከፊሌ ሽርጡን ታጥቆ ከመኪናው ሲወርድ እኔ ቀድሜ ቦዩ ጋ ቆሜ እገኛለሁ። አንድ ቀን ብቻዬን ሳለሁ ጉልበቴ ከዳኝና ቦዩ ውስጥ ወደቅሁ፤ ማንም ስላላየኝ እንዳልወደቅሁ ቆጠርኩት። ዓርብ ዓርብ ለማየት ያህል ሜዳ እሄዳለሁ። ኃላፊው እብጠቱን እየነካካ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይለኛል። አምበሉ ሰምቶ አንድ ቀን መለሰለት።

"የኛ በሽታ እግራችን መሰለህ? ከፊላችን ነው እንጂ።"

ሁላችንም ሳቅን። ኃላፊው አልሳቀም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ መዝረዓው ድረስ መጣ። ባልዲ ይዤ ወደ ውኃ መሳቢያው ስሄድ ከታክሲ ወርዶ የስፖርት ቤቱን ልብስ እንደለበሰ በበሩ ሲገባ አየሁት። ለእኔ የመጣ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። እሱ ግን አልፎኝ ከፊሌ ጋ ሄደ። ሰላምታ ሰጠውና በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው፣ እኔ እየሰማሁ፣ "የዚህ ሰው ጉልበት ውስጡ ተበጥሷል" አለው። "ቀጥ ብሎ የሚሄደው እኔ ስላስተማርኩት ነው፤ እንዲህ ከሠራ እስከ ሐጅ አይደርስም፣ ይሰናከላል" አለው።

ከፊሌ ወደ እኔ ዞረ። "ባልዲውን አስቀምጥ። ታዓል" አለኝ።

ባልዲውን አስቀምጬ ሄድኩ። ምን ልበል፣ የቅዳሜ አካሄዴን ሄድኩ። ያን ቀን እንደሄድኩት አድርጌ ሄጄ አላውቅም። ከፊሌ ፊት ስቆም ሰውየው ኃላፊውን እንደ ቀጣፊ ነበር የሚያየው። ደስ አለኝ። በልቤ "እሰይ፣ የእጅህን አገኘህ" አልኩት።

"አሁን ዙር በለው" አለ ኃላፊው።

መዞርን አላስተማረኝም ነበር። ዞርኩ፤ ጉልበቴ ተጠመዘዘና ከፊሌ እግር ሥር በፊቴ ተደፋሁ።

ከፊሌ ቁልቁል አየኝና ወደ መኪናው ገብቶ ሄደ። ኃላፊው ሊያነሳኝ እጁን ሲዘረጋ "እንጀራዬን ቆረጥከው፤ ከዓይኔ ጥፋ" አልኩት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። ሄደ። እኔ ማንጎ ሥር ተቀምጬ ለሚስቴ ምን ብዬ እንደምደውል ሳስብ ዋልኩ።

በማግሥቱ ከፊሌ መጥቶ መኪና ውስጥ ግባ አለኝ። ወደ ጀዋዛት፣ ወደ ኢሚግሬሽኑ፣ የሚወስደኝ መስሎኝ ልብሴን ልያዝ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መኪናውን አስነሳ። የቆመው ሆስፒታል በር ላይ ነው። የተበላሸ የውኃ ሞተር ለጥገና እንደሚወስድ ሰው መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጭ ነበር፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኳስ። ፎቶ ተነሳሁ፤ ኢንሹራንሱ እስኪፈቅድ ጠበቅን፤ ኋላም ተቀደድኩና ተሰፋሁ። ከዚያ ወዲያ ውኃ መሳቢያው ጋ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሞተር እንድጠብቅ አደረገኝ። በዚህ ጉዳይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ኩራ ኸላስ" አለኝ። ከእንግዲህ ኳስ የለም። እኔም እሺ አልኩ።

በክራንች ወደ ሜዳ የሄድኩት ኃላፊውን ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። እዚያ የጠበቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ሰምቷል። ኃላፊው ቦርሳውን ከፍቶ እንደ ወትሮው ተቀምጧል፣ ማንም ግን ወደሱ አይሄድም። አንዱ ታፋው ተወጥሮ ከመስመር ውጪ ብቻውን ያሸዋል። በረኛው ጣቱ አብጦ ጓንቱን አላወልቅም ብሏል። ኃላፊው "አሳየኝ እስቲ" ሲለው "ምንም የለ ጋሼ፣ ማፊ ሙሽኪላ" ብሎ እጁን ከጀርባው ሸሸገ።

ከጨዋታው በኋላ ሁላችንም ባለንበት አምበሉ አነሳው።

"ያንተ ከፊል ደግ ሆኖ ወጣ፤ አልሐምዱሊላህ" አለኝ። "የኔ እንዳንተ አይደለም። ነገ የኔ ጀርባ ሲቆረጥ ይሄ ሰው ሄዶ እንደማይነግርብኝ ማን ያውቅልኛል?"

እኔ ተሟገትኩለት። ከልቤ ነው የተሟገትኩት። "ዝም ብሎ የመጣ መሰላችሁ?" አልኳቸው። "ሰውየውን አጥንቶት ነው። ሰው ጠይቆ፣ ደግ መሆኑን አረጋግጦ ነው። ወር ሙሉ የቆየው ለምን ይመስላችኋል? የናንተን ከፊል ክፉ መሆኑን ካወቀ አይነግርም።"

ይህን ማንም አልነገረኝም። እንዲህ ካልሆነ ግን ነገሩ ሊገባኝ ስላልቻለ፣ በራሴ ያሰብኩት ነው። አንዳንዶቹ "እንዲያ ከሆነስ" አሉ። ኃላፊው በረዶውን አሸዋ ላይ እየደፋ ነበር፤ ሰምቶኛል፣ ግን አንድ ቃል አልጨመረም።

እሱ ዝም በማለቱ የሰጠሁት ምክንያት አልያዘም። ዓርብ በመጣ ቁጥር ቦርሳውን ይከፍታል፣ ማንም እግሩን አያሳየውም፣ ቦርሳውን ይዘጋል። ማሟሟቅ ሲያሠራን የነበረውም ቀረ፤ ማን እንደሚያነክስ ሊያይብን ነው ብለው ዘግይተው መምጣት ጀመሩ። እግራቸውን የማያሳዩት ሐኪም ምን ይሠራል? ከጥቂት ወራት በኋላ ተራራው ላይ፣ ኸሚስ ሙሸይጥ ከተማ ያለ አንድ ስፖርት ቤት ዝውውር ጠይቆለት አሠሪውም ፈቀደለት።

ልሸኘው ወደ ተራራው የሚወጡት ታክሲዎች የሚሞሉበት ቦታ ሄድኩ። ክራንቼን ጥያለሁ። የሚሄድበት ታክሲ ሊሞላ ሁለት ሰው ብቻ ስለቀረው ጥላ ፈልገን ቆምን። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ "ተወው" አለኝ። ጉልበቴን በሱሪዬ ላይ ዳሰሰውና ጥሩ ተሰፍቷል አለ። ከዚያ ሁልጊዜ ልጠይቀው የምፈልገውን ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ስለ ከፊሌ ከማን ነበር የጠየቅኸው?"

"ምን ብዬ?"

"ደግ መሆኑን። ከመምጣትህ በፊት።"

"ማንንም አልጠየቅሁ" አለኝ። "ሰውየውን ያየሁት ያን ዕለት ነው።"

የቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

"ቢያባርረኝስ ኖሮ?"

"ትባረር ነበራ።"

"ልጆቼስ?"

"ልጆችህን አላውቃቸውም" አለ፤ በክፋት አልነበረም። "እኔ የማውቀው እግርህን ነው። ቢያባርርህም እነግረው ነበር።"

ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው ሆንኩ። ሰውየውን አንቄ መያዝም ፈለግሁ፣ እጁን መሳምም ፈለግሁ። በሁለት እግሬ ያቆመኝ እሱ ነው። ቤቴን በአንድ ቅዳሜ ሊያፈርስ የነበረውም እሱ ነው፤ ያላፈረሰው ደግሞ በዕድል ብቻ። የጎደሉት ተሳፋሪዎች መጡ። ሹፌሩ "ያላ" አለ። ኃላፊው አቀፈኝና ገባ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ ሳይ አምበሉ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱንም ነገሩ ሳይቆጨው አልቀረም፤ ቡድኑ ውስጥ ፋሻ ማሰር የሚችል ሰው የለም።

"እስቲ እውነቱን ንገረኝ" አለኝ። "ስለ ከፊልህ እውነት ጠይቆ ነበር?"

"ጎረቤት መዝረዓ ካሉት የመኖች ጠይቆ ነበር" አልኩት።

"እነሱ ምን አሉት?"

"አላህን የሚፈራ ሰው ነው አሉት።"

አምበሉ አሸዋውን በጣቱ ጫረ። "እንግዲያስ በድለነዋል" አለ።

"በድላችሁታል" አልኩት።