የሌለ ባል ፈቃድ

መንግሥት ሴቶችን በነጻ አሠልጥኖ አስተማሪ ሊያደርግ ነው የሚለውን ማስታወቂያ ያየሁት ጎባ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ያላገባች፣ ጤነኛና ጠባየ መልካም የሆነች ትመዝገብ ይላል። መኝታ፣ ምግብና መጻሕፍት ከመንግሥት፤ በዚያ ላይ በየወሩ የኪስ ገንዘብ። ማሠልጠኛው ሐረር ነው። ደጋግሜ አነበብኩትና እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ። ቤት ስደርስ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጡት የጣለች ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ ባል ግን የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። የልጄ አባት መንገድ ሥራ ላይ ሾፌር ነበር። ደሎ መና ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ይኸው እየተመለሰ ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም።

የጎባ ሰው ስለ መንግሥት ገንዘብ የየራሱ ትርጓሜ ነበረው። አንዷ ጎረቤታችን፣ «የመንግሥት ቀለብ የበላች ልጅ የመንግሥት ናት፤ ወዲህ አትመለስም» አለች። ሌላዋ ደግሞ፣ «አሁን ይሰጡሽና ኋላ የአባትሽን መሬት ይነጥቃሉ» አለችኝ። እናቴ ሁለቱንም አመነች። እኔ አንዱንም ስላላመንኩ፣ ግን አንዱ እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ ስለፈራሁ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ልጠይቅ ሄድኩ።

የቢሮው ሹም ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነበር። የጎባን ብርድ ስላልቻለው ካፖርቱን ቢሮው ውስጥ ተቀምጦም አያወልቅም። እጁን በትንፋሹ እያሞቀ አዳመጠኝ።

«ጌታዬ፣ ይኼ ነገር ዕርዳታ ነው ወይስ ብድር?» አልኩት።

«ጨርሰሽ ካስተማርሽ ዕርዳታ ነው፤ አቋርጠሽ ከመጣሽ ብድር ነው» አለኝ።

እንዳልገባኝ ፊቴ ላይ አይቶ ከአንድ ብሎ አስረዳኝ። ሥልጠናውን ስጨርስ መንግሥት የመደበኝ ቦታ ሄጄ የተወሰነ ዘመን አስተምራለሁ። ያን ግዴታ ከፈጸምኩ አንድ ሳንቲም የሚጠይቀኝ የለም። በመሀል ትቼ ከመጣሁ ግን የበላሁት፣ የተማርኩበት፣ የተኛሁበት አልጋ ሳይቀር ይታሰባል፤ እኔ መክፈል ካቃተኝ ዋሴ ይከፍላል። ስለዚህ ቤት ወይም መሬት ያለው ዋስ ያስፈልጋል። ጠባዬ መልካም መሆኑን የሚመሰክሩ ሽማግሌዎችም ይቀርባሉ። ስለ ልጄ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጠባይ የሚለውን ስሰማ መልሼ ዘጋሁት።

አባቴ በጡረታ የተሰናበተ ወታደር ነበር። ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ገብስ የሚዘራባት መሬት ነበረችው። ልጄ ከተወለደች ወዲህ ከእኔ ጋር የሚነጋገረው በእናቴ በኩል ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ «ምሳ በልታ እንደሆነ ጠይቂያት» ይላታል። እናቴም ዞራ ትጠይቀኛለች፤ እመልሳለሁ፤ እሷም ታደርስለታለች። መጀመሪያ ያስለቅሰኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያስቀኝ ነበር። ከሹሙ የሰማሁትን ሁሉ በዚሁ መንገድ ነገርኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ትሂድ በያት፤ ዋስ እኔ እሆናለሁ፤ ሽማግሌም እኔ አመጣለሁ» አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጎባ ልጅ ይዤ ጠላ ከመሸጥ በቀር የሚጠብቀኝ ነገር አልነበረም። አሁን አንድ በር ተከፈተ፤ ያመለጠኝ እንደሆነ ሌላ አይኖርም።

አባቴ ያመጣቸው ሽማግሌዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ የጽዋ ማኅበሩ አባል የሆኑ ጓደኛው ናቸው። ሌላው ከጊኒር ማርና ቆዳ እያመጡ የሚነግዱ፣ አጥር የምንጋራቸው እስላም ጎረቤታችን። ሁለቱም በከተማው የተከበሩ ናቸው። አራታችን ተከታትለን ቢሮ ገባን፤ እኔ ከኋላ።

«ልጅቷን ታውቋታላችሁ?» አለ ሹሙ።

«እንዴታ! እጃችን ላይ ያደገች ናት» አሉ የማኅበሩ ሽማግሌ።

«ጠባይዋስ?»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ጎባ ውስጥ የለችም» አሉ ነጋዴው።

«አግብታለች?»

እዚህ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። በእኛ አገር ሽማግሌ የሚቆመው ያየውን ለመናገር ብቻ አይደለም፤ የሰው ገመና ለመሸፈንም ነው። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። አባትዋ ቆሞ እየሰማ፣ «ይህች ልጅ ሳታገባ ወለደች» ብሎ የሚመሰክር ሽማግሌ በባሌ ምድር ቢፈለግም አይገኝም።

«በወግ በማዕረግ የተዳረች ናት» አሉ የማኅበሩ ሽማግሌ።

«ሰርጓ ላይ በልተናል» አሉ ነጋዴው ተቀብለው። ይህ ብቻውን ያነሰ መስሎ ታያቸው መሰለኝ፣ «ለእኛ ለእስላሞቹም ለብቻ ታርዶልን ነበር» ብለው ጨመሩበት።

እኔ ባልነበረ ሰርግ ላይ ሁለት በሬ ሲታረድ ቆሜ ሰማሁ።

«ባሏ የት ነው?»

«ደሎ መና፣ ለሥራ ሄዶ ነው» አሉ የማኅበሩ ሽማግሌ። ይኼ እንኳ እውነት ነው።

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ማስታወቂያው ያላገባች ነው የሚለው። ያገባች የሚታለፍላት ባሏ ራሱ ቀርቦ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ አለዚያ አልመዘግብም። ዝርዝሩ ደግሞ ነገ ወደ አዲስ አበባ ይላካል» አለ።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። እንደነሱ ከሆነ ስሜ ድኗል፤ አባቴም አንገቱን አልደፋም፤ የቀረው ትንሽ ነገር ነው። ደጅ ላይ፣ «አባቶቼ፣ ገደላችሁኝ እኮ!» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን እንበል ልጄ? አባትሽ ቆሞ?» አሉ የማኅበሩ ሽማግሌ። ክፋት የለባቸውም። ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «የወንድሜ ልጅ ያው እዚህ ገበያ ነው ያለው። መጥቶ ባሏ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ ብሎ ይፈርምልሽ። ለዛሬ ባል ይሁንሽ፤ ምን ገደደሽ?»

«ሂን ሶዳቲን ኢንታላኮ!» አሉ ነጋዴው፣ አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው። «ኢንሻአላህ ይሳካል።»

እኔ ግን ደሜ ፈላ። እውነተኛው ሰውዬ ጥሎኝ ሲሄድ ማንንም አላስፈቀደም። እኔ ልማር ብል ፈቃድ የምለምነው ከሌለ ሰው ነው፤ እሱም ስለሌለ ከገበያ ሊመጣልኝ ነው! ደግሞስ ዛሬ ባል ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው፣ ነገ ሚስቴን መልሱልኝ ቢልስ? ያን ጊዜ ሥልጠናው ይቋረጣል፤ ዕርዳታው ብድር ይሆናል፤ የአባቴ መሬት ይሄዳል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው ወደ ቢሮው የተመለስኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በንዴት ነው የተመለስኩት፤ ሐሳቡ በኋላ የመጣ ነው። ሦስቱም ተከተሉኝ።

«ጌታዬ፣ አላገባሁም» አልኩት ሹሙን። «ሰርግ አልነበረም፤ ምንም አልታረደም። ሳላገባ የወለድኳት ልጅ አለችኝ። አባቶቼ ያንን ያሉት ለአባቴ ክብር ብለው ነው። ጠባይሽ መልካም አይደለም የምትለኝ ከሆነ አሁኑኑ በለኝ። የሌለ ሰው ፈቃድ ግን ከየትም አላመጣም።»

ወደ አባቴ መዞር አልደፈርኩም። ሹሙ እጁን እያሻሸ ቆየና ማስታወቂያውን ከመሳቢያው አውጥቶ እንደገና አነበበው።

«ያላገባች ነው የሚለው» አለ። «ያልወለደች አይልም።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና፣ «ጠባይዋ መልካም ነው ያላችሁትስ? እሱም እንደ ሰርጉ ነው?» አላቸው።

«እሱማ እውነት ነው» አሉ የማኅበሩ ሽማግሌ፣ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው። ነጋዴው፣ «ወላሂ እውነት ነው» አሉ፤ በዚህኛው ግን ምንም አልጨመሩበትም።

መመዝገብ ጀመረ። ልጄን ማን እንደሚያሳድግ ሲጠይቀኝ እናቴ ናት አልኩት። ያን ጊዜ ማስታወቂያው ላይ ያልነበረ ነገር ነገረኝ። ልጅ ላላት ሠልጣኝ፣ ከኪስ ገንዘቧ ከፊሉ እዚሁ ጎባ፣ ልጇን ለሚያሳድግላት ሰው በየወሩ ሊከፈል ይችላል። እውነቱን በመሸፈን ሊያመልጠኝ የነበረው እንግዲህ ይኼም ጭምር ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«የልጅቷ ስም?» አለ። ነገርኩት።

«የአባት ስም?»

ያን ሾፌር በልጄ ስም አጠገብ ላስጽፈው አልፈለግኩም። ሌላ የማስጽፈው ስምም አልነበረኝም።

«የአባት ስም ከሌለ ገንዘብ ቤቱ አይከፍልም» አለ ሹሙ፣ ቀስ ብሎ። «የሆነ ስም መጻፍ አለብኝ።»

አባቴ እስከዚያች ሰዓት ከበሩ አጠገብ አልተነቃነቀም። ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሙሉ ስሙን ከነማዕረጉ ተናገረ፤ ድሮ ሰልፍ ላይ ሲጠራ እንደሚለው፣ ጮክ ብሎ።

«ዋስነቱን በኋላ እንደርስበታለን አባባ» አለ ሹሙ። «አሁን የምጠይቀው የልጅቷን አባት ስም ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለ አባቴ። «እሱኑ ነው የነገርኩዎ። ይጻፉ።»

ሹሙ ጻፈ። ሽማግሌዎቹ በዚህ ምስክር እንዲሆኑ የጠየቃቸው ባይኖርም ሁለቱም ቀርበው ከአባቴ ጎን ቆሙ። እኔ እዚያው፣ በሰው ፊት፣ አለቀስኩ።

እኔም የአባቴ ልጅ ነኝና፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ ልጄ እህቴ ናት።