ፀሐይቱን የኳለ እጅ

የፀሐይቱ አንድ ተራ ቀን ስንት ያስወጣታል ብትሉኝ በብር አልነግራችሁም። እሷ የምትከፍለው በ«እባክሽ» ነው። ጠዋት ተመላላሽ ሠራተኛዋ ናዝሬት ስትመጣ አንድ እባክሽ ለፊት መታጠቢያው ይወጣል፣ ሌላው ለጥርስ ቡርሹ። ቁርሷን ናዝሬት ናት የምታጎርሳት፤ ስለዚህ መሀል ላይ ውኃ ካማራት አሁንም እባክሽ። የሹራቡ ቁልፍ፣ የስልኩ ቻርጀር፣ የመስኮቱ መቀርቀሪያ፣ ሁሉም የየራሱ እባክሽ አለው። ናዝሬት በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ሌላ ቤት ሥራዋ ከሄደች በኋላ የሚያምራት ነገር ሁሉ እስከ ማታ ይጠብቃል።

«ለኩልና ለቅባት የሚሆን እባክሽ አይተርፈኝም» ትላለች። አንድ ቀን ግን ሞክራ ነበር። ናዝሬት በክፋት ሳይሆን ቸኩላ፣ «እትዬ ደግሞ፣ ለማን ሊታዩ ነው?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ጠይቃ አታውቅም።

ፀሐይቱ ድሮ ጌጃ ሰፈር የውበት ሳሎን ነበራት። ጸጉርም ትሠራ ነበር፣ ስሟን ያስጠራው ግን ሙሽራ መኳል ነው። በኋላ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠና አንገቷ ላይ ያለው ነርቭ ተጎዳ። እግሯ ተረፈ። ክንዶቿ ግን ከደረቷ በላይ አይነሱም፣ ጣቶቿም መቆንጠጥ አይችሉም። ግራ እጇን ብቻ ላላ አድርጋ እንደ ጡጫ ትጨብጣለች። ሳሎኑ ተዘጋ። ደንበኞቿ መጀመሪያ ብርቱካን ይዘው ይመጡ ነበር፣ ቀጥሎ መደወል ብቻ ሆነ፣ ቀጥሎ በዓል ሲደርስ ብቻ። የቅባቱ ክዳን፣ የሊፕስቲኩ ክዳን፣ የኩሉ ክዳን፣ ሁሉም የተሠራው በሁለት ጣት ይዞ ለሚያዞር ሰው ነው። በጥርሷ ልትከፍት ስትታገል የፊት ጥርሷ ጫፍ ተሸርፏል።

እኔ አሚራ እባላለሁ፣ ጎረቤቷ ነኝ። ባለቤቴ ሙኒር ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ ስላለው እንዲቀርበው ብለን ሊደታ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። ገና ዕቃችንን ፈትተን ሳንጨርስ ገርበብ ባለው በሯ በኩል አየኋት። ጸጉሯ አጭር ተቆርጧል፣ ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ዐይኗ አልተኳለም፣ ፊቷ ወዝ የለውም፣ እጆቿ ነጠላ ውስጥ ናቸው። ሐዘን ላይ ናት አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ጎረቤት ሆኜ ለቅሶ ሳልደርስ ብቀር ነውር ነው ብዬ ዳቦ ገዛሁና ሕፃን ልጄን ራኒያን አዝዬ ገባሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ» አልኳት።

«አሜን» አለች።

ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እሷም ዝም አለች። ባቡሩ በመስኮቱ ሥር አለፈ። በመጨረሻ ቀስ ብዬ፣ «ማን ነው የተለየዎት?» አልኩ።

ትንሽ አሰበችና፣ «ኧረ ማንም አልሞተብኝም፣ ልጄ» አለች።

«ታዲያ ለምን አሜን አሉኝ?»

«ማንም አልሞተም ካልኩሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነዋ! ሰው መጥቶ እንዲህ ከተቀመጠልኝ ቆየ።»

እኔ በድንጋጤ የምገባበት ጠፋኝ፣ እሷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «በይ አሁን እንባዬን ጥረጊልኝ» አለችኝ። «ለቅሶ መድረስሽ በከንቱ እንዳይቀር። ደግሞ እርስዎ አትበዪኝ። እርስዎ የሚሉኝ ለመሄድ የቸኮሉ ሰዎች ናቸው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እላታለሁ፣ እዚህም የምጽፈው እንደዚያው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሶፊ ደወለች። ሶፊ የፀሐይቱ ሳሎን ውስጥ ሥራ የተማረች ልጅ ናት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ያዝኩላት። «ፀሐይዬ፣ ሠርጌ ጥር ላይ ነው! አንቺ ካልመጣሽ አላገባም፣ ሙሽራው ራሱ ያልቅስ!» ተሳሳቁ፣ ተመራረቁ። ስልኩ እንደተዘጋ ፀሐይቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«አንቺ ለቅሶ የደረስሽበትን ፊት ይዤ ሠርግ ቤት ልግባ? ሙሽራ ላስደነግጥ?»

«እኔ ልኳልሽ ታዲያ።»

«ናዝሬት ታጥበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ታጎርሰኛለች። ፊቴ ብቻ ነው የቀረኝ። ስንቱን ሙሽራ በኳልኩበት እጅ ካልኳልኩት ይቅር።»

ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ራኒያን ሳበላ ዐይኔ ማንኪያዋ ላይ አረፈ። የልጅ ማንኪያ እጀታው ወፍራም ነው፣ ልጅ በጡጫዋ ነው የምትይዘው። ማንኪያው አፏ ጋ ካልደረሰላት ደግሞ አትናደድም፣ አንገቷን ዘርግታ አፏን ታመጣለታለች። ገንፎውን ትቼ ፀሐይቱ ጋ ሮጥኩ።

«የሳሎኑ ዕቃ የት ነው?»

«አልጋው ሥር። ምን ሆነሽ?»

ፌስታል ሙሉ የስፖንጅ ቢጎዲን አገኘሁ፣ ያ ጸጉር የሚጠቀለልበት። የውስጡን ፕላስቲክ አወጣሁና ስፖንጁን እርሳስ ኩሉ ላይ አልብሼ በላስቲክ አሰርኩት። ዐይኗን እንዳይወጋት የእርሳሱን ጫፍ አዶለዶምኩት። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አጣጥፌ ክርኗን አስደገፍኩ፣ መስታወቱን ከፊቷ አቆምኩ። ጨበጠችው። «እጅሽን አታንቀሳቅሺ» አልኳት። «ዐይንሽን አምጪለት።»

መጀመሪያ ቀን ኩሉ ጉንጯ ላይ ወጣ። መስታወቱን አየችና፣ «ሶፊ ስታየኝ ቡጢ ያቀመሰሽ ማን ነው ትላለች» አለች። ለቅባቱ ፓምፕ ያለው የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ አጥቤ ሞላሁላትና ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት፣ በክንዷ ትጫነዋለች። ሊፕስቲኩንም እንደዚያው አቆምነው፤ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ታስነካዋለች። «እንደ ዶሮ መልቀም ነው የቀረኝ» እያለች ሠራችው።

ጥቂት ቆይታ ግን፣ «ስለማመድ አትምጪ» አለችኝ። «ትንፋሽሽን ትይዢያለሽ። እሱ እጄን ያንቀጠቅጠዋል።» ስለዚህ ከሚያዋስነን ግድግዳ ወዲህ ሆኜ እሰማ ነበር። እርሳሱ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ዝም። ከወደቀ ማንሳት ስለማትችል የዚያ ቀን ልምምድ አለቀ ማለት ነው። መኝታ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ልሂድ አልሂድ እላለሁ። አልሄድም። በኋላ ናዝሬት እርሳሱን በክር ከእጅ አንጓዋ ጋር ታስርላት ጀመር። ወደቀ አልወደቀ የሚለው ድምፅ ጠፋ። ግድግዳው ዝም ሲል እሱም ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ።

የሠርጉ ቀን ልወስዳት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ዞረች። ግራ ዐይኗ የሙሽራ ዐይን ነው። ቀኙ ወፈር ብሏል።

«ቀኙ ትንሽ—»

«አውቃለሁ።»

«ልጥረገው?»

«እንዳትነኪው!»

ደረጃውን ስንወርድ ፊቷን ቀና አድርጋ ነበር። ታክሲ ውስጥ ምን እያሰበች እንደሆነ ስጠይቃት፣ «አንዷ ማን ኳለሽ ትለኛለች፣ የምመልሰውን እያሰብኩ ነው» አለችኝ።

አዳራሹ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ግድግዳ ጥግ፣ ስፒከሩ አጠገብ ቦታ ሰጡን። እኔ ምግብ ላነሳ የሙስሊም ምግብ ወደ ተለየበት ጠረጴዛ ሄድኩ። ስመለስ የድሮ ደንበኞቿ ከበዋታል። አንዷ የፀሐይቱን አገጭ ይዛ ወደ መብራቱ ታዞራታለች። ወዲያው ወደ እኔ ዞረች።

«ጎረቤቷ አንቺ ነሽ? አቤት ኩል! እጅሽ ይባረክ!»

«እኔ አይደለሁም። እሷ ናት፣ በራሷ እጅ።»

«አይ ትሕትና!» ሁሉም ሳቁ። ፀሐይቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። በከፈተችው አፍ ሌላዋ ጉርሻ አጎረሰቻት። አላምጣ እስክትጨርስ ወሬው ወደ ሙሽራዋ ቬሎ ሄደ።

ሶፊ መጥታ አቀፈቻት። «ዐይንሽ እንደ ድሮው!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ እኔን እጄን ጨበጠችኝ። «እህቴ፣ አመሰግናለሁ።» አፌን ሳልከፍት ፎቶ አንሺው ጠራት።

ከሠርጉ ስንመለስ ቤቷ አስገብቼ፣ «ፊትሽን ልጠብልሽ?» አልኳት።

«ተዪው፣ ይደር። ናዝሬት ነገ ታጥበዋለች።»

በሩን እንደ ሁልጊዜው ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ግን ተኳለች። በየጠዋቱ ናዝሬት ከሄደች በኋላ ክርኗን አስደግፋ ትኳላለች፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ሻሹንም ወደ ቢጫ ቀይራዋለች። ፌስታሉ ውስጥ ገና ብዙ ስፖንጅ አለ፤ እጁ እምቢ ያለው ሰው ካለ ይምጣና እናለብስለታለን፣ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። ይህንን ልጽፍ ነው ስላት ግን የስፖንጁ ነገር ብዙም አልገረማትም።

«ምን ብዬ ልጨርሰው?» አልኳት።

መስታወቷን እያየች፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አለች፦

«ሊደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እጇን ነጠላ ውስጥ ያደረገች፣ ቀኝ ዐይኗን ወፈር አድርጋ የተኳለች ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ። አብራኝ ያለችውን እጅሽ ይባረክ አትበሉብኝ። ቆም በሉና እኔን ጠይቁኝ፣ ማን ኳለሽ በሉኝ። ደግሞ መልሴን እስክጨርስ አታጉርሱኝ።»